የሰፈርን ግድግዳ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ጋር መሣል፦ ከግብዣው እስከ ጥገናው

«በነዋሪዎች የተሣለ» የተባለ ግድግዳ ፊት ቆማችሁ ማን ምን እንደሠራ ጠይቁ። መልሱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው፦ ንድፉን ያወጣው አንድ ሠዓሊ፣ ቀለሙን የቀቡት አምስት ወጣቶች ናቸው፤ የሰፈሩ ሰው በምረቃው ዕለት መጥቶ አጨብጭቧል። ግድግዳው አምሯል፤ ዓይነ ስውሩ ጎረቤት፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ ከቤት የማይወጡት እናት ግን በሥራውም በሥዕሉም ውስጥ የሉም።

ይህ ከክፋት የሚመጣ አይደለም። ሥራው የሚበላሸው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል በሦስት ቦታዎች ነው፦ በግብዣው፣ በንድፉ አወጣጥና በመጨረሻው ቀን። ይህ መመሪያ በእነዚህ ሦስቱ ላይ የሚቆየው ለዚህ ነው። ለምሳሌ የወሰድኩት 3 ሜትር ከፍታና 20 ሜትር ርዝመት ያለው፣ በአዲስ አበባ የተለመደውን ዓይነት የተለሰነ የብሎኬት አጥር ነው። ለሥራው ሁለት ወር ያዙ፤ የቀለም ቅቡ ራሱ ከዚህ ውስጥ አራት ወይም አምስት ቀን ብቻ ነው።

ደረጃ 1፦ ግብዣው

1. ማስታወቂያ ከመለጠፋችሁ በፊት፣ ማስታወቂያውን አይተው የማይመጡትን ሰዎች በወረቀት ጻፉ። በሰው ቤት ተቀጥረው የሚኖሩ፣ ሊስትሮዎች፣ መስማትና ማየት የተሳናቸው፣ በዊልቸር የሚንቀሳቀሱ፣ ከዓረብ አገር የተመለሱ፣ ተፈናቅለው የመጡ ቤተሰቦች፣ ተከራይ በመሆናቸው የዕድር አባል ያልሆኑ። የስም ዝርዝር መሆን አለበት፤ «አረጋውያን» ብሎ መጻፍ ማንንም አይጠራም።

2. ወደ እያንዳንዱ ሰው እናንተ ሂዱ። ብቻችሁን አትሂዱ፤ ሰውየው የሚያምነው ጎረቤት ይዛችሁ ሂዱ። የቤት ሠራተኛን ስትጋብዙ አሠሪዋንም አነጋግሩ፤ የምትወጣበትንና የምትመለስበትን ሰዓት ቁርጥ አድርጋችሁ ተናገሩ፤ በተናገራችሁት ሰዓትም መልሷት።

3. ለ60 ካሬ ሜትር ግድግዳ ከ25 እስከ 30 ሰው ይበቃል። ከቦታው ቢያንስ ሲሶው በመጀመሪያው ዝርዝር ላሉት ሰዎች ይቀመጥ። ወጣቶቹ ቶሎ ስለሚሞሉ ቀድማችሁ ካልያዛችሁት ቦታ አታገኙም።

4. ቀኑን ከመቁረጣችሁ በፊት ከሰዎቹ ጋር የቀን መቁጠሪያ ተመልከቱ። በእሑድና በወሩ በ12፣ በ21 ወይም በሚያከብሩት ታቦት ቀን ብሩሽ የማይጨብጡ አሉ። ዓርብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት መስጊድ የሚሄዱ አሉ። ብዙ የቤት ሠራተኛ ደግሞ ነፃ የምትሆነው እሑድ ከሰዓት ብቻ ነው። አንድ ቀን ሁሉንም አያስማማም፤ ስለዚህ ስብሰባውን እሑድ ከ8 ሰዓት በኋላ፣ ቅቡን በተለያዩ የሥራ ቀናት ክፈሉት።

5. የቀን ሠራተኛ ግማሽ ቀን ሲሰጣችሁ የዚያን ቀን እንጀራ ሰጥቷችኋል። የትራንስፖርትና የውሎ ገንዘብ ያዙ፤ ለሁሉም እኩል ክፈሉ፤ የተከፈለውንም በግልጽ ለጥፉ። ገንዘብ ከሌላችሁ ሥራውን በሰዓት ቆራርጡት እንጂ «በጎ ፈቃድ ነው» ብላችሁ ደሃውን አታስወጡት።

6. ምግቡ የጾም ይሁን። ዳቦ፣ ሻይ፣ ቆሎ፣ በሶ፤ ሁሉም ከአንድ ትሪ ሊበላው የሚችል።

ካልሆነ፦ በሁለተኛው ሳምንት የመጡት ወጣቶች ብቻ ከሆኑ ወደ ሚቀጥለው ደረጃ አትለፉ። ያልመጡት ዘንድ ተመልሳችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ሰዓቱ ይመቻል ወይ? ልጅ የሚይዝ አለ ወይ? በስብሰባው ቦታ ሽንት ቤት አለ ወይ? ከኪነ ጥበብ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው የሽንት ቤት ነገር ስንት እናቶችን ከሥራው እንዳስቀረ በዓይኔ አይቻለሁ።

ደረጃ 2፦ ግድግዳውና ፈቃዱ

1. ከባለቤቱ የጽሑፍ ስምምነት ውሰዱ፤ የጋራ መኖሪያ ቤት ከሆነ ከነዋሪዎች ማኅበሩ። የቃል ፈቃድ ባለቤቱ ሲቀየር ይጠፋል።

2. ወረዳውን ጠይቁ፤ በተለይ ግድግዳው በኮሪደር ልማት ወይም በመንገድ ማስፋት ዕቅድ ውስጥ መግባት አለመግባቱን። የሰው ሁለት ወር ልፋት የሚፈርስ ግድግዳ ላይ መዋል የለበትም።

3. ፈቃዱን ሁለት ጊዜ ጠይቁ፦ አሁን ለቦታው፣ ንድፉ ሲያልቅ ደግሞ ለሥዕሉ። አስቀድሞ ያለቀ ንድፍ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ሰዉ የሚያወጣው ምንም ነገር አይቀርም።

4. ከግድግዳው ፊት ቢያንስ 2 ሜትር ደልዳላ መሬት ይኑር። ቦይ ወይም ደረጃ ካለ ዊልቸር አይደርስም። መወጣጫ የምትሠሩ ከሆነ ለእያንዳንዱ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ስጡት፤ ከዚያ የቆመ ከሆነ ሰውየው በራሱ ክንድ አይወጣውም።

ደረጃ 3፦ ንድፉን አብሮ ማውጣት

ሦስት ስብሰባ ያስፈልጋል። አንዱንም አትዝለሉ፤ ሁለቱን በአንድ ቀን አታድርጉ።

*የመጀመሪያው ስብሰባ፦ ዕቃ*

ወረቀትና እርሳስ አታምጡ። እያንዳንዱ ሰው ከቤቱ ወይም ከሥራው አንድ ዕቃ ይዞ ይምጣ። የሊስትሮ ሣጥን፣ የተሰነጠቀ ጀበና፣ የቤት ቁልፍ፣ ነጭ በትር፣ ሻንጣ። ባለ ዕቃው ሦስት ደቂቃ ይናገር፤ ከዚያ ዕቃው በእጅ በእጅ ይዙር። ማየት የተሳነው ሰው ከሌላው እኩል «የሚያየው» በዚህ ጊዜ ነው። መስማት የተሳነው ሰው ካለ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይኑር፤ አስተርጓሚው ከተናጋሪው አጠገብ፣ ብርሃን ፊቱ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ይቁም። የቤተሰብ ልጅን በአስተርጓሚነት አትጠቀሙ፤ ልጅ የእናቱን ንግግር ያሳጥራል፣ እናትም በልጇ ፊት የማትናገረው ይኖራል።

ቡና ይፈላ። አቦል ላይ ሰው ስለ ዕቃው ያወራል፤ ስለ ራሱ ማውራት የሚጀምረው ቶና ላይ ነው። በረካ ሳይጠጣ ስብሰባውን አትበትኑ።

*ሁለተኛው ስብሰባ፦ ቅርጽ*

«እኔ መሣል አልችልም» የሚለው ቃል የሚወጣው እርሳስ ሲታይ ነው። መቀስ፣ ባለ ቀለም ወረቀት፣ ከሰልና መብራት አቅርቡ። ዕቃውን በመብራትና በግድግዳ መካከል አስቀምጡ፤ ጥላው ወረቀት ላይ ይውደቅ፤ ሰውየው ዙሪያውን በከሰል ይከተለውና ይቁረጠው። መቀስ መያዝ ያቃተው በእጁ ይቅደድ፤ የተቀደደ ጠርዝ ብዙ ጊዜ ከተቆረጠው ይበልጥ ያምራል። ማየት ለተሳነው ሰው የሸክላ ጭቃ ስጡ፤ የሠራውን ቅርጽ በኋላ በግድግዳው ላይ በወፍራም ሲባጎ ጠርዙን አንሥታችሁ ታወጡታላችሁ።

*ሦስተኛው ስብሰባ፦ ምርጫና አቀማመጥ*

1. 30 ሴንቲ ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ወረቀት ረጅም ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። የግድግዳው ከፍታና ርዝመት አንድ አሥረኛ ማለት ነው። የግድግዳው የታችኛው 50 ሴንቲ ሜትር ለጭቃ ስለሚተው፣ የወረቀቱን የታች 5 ሴንቲ ሜትር ባዶ ተዉት። ቅርጾቹን በልኩ አሳንሳችሁ አዘጋጁ።

2. ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ፍሬ ባቄላ ስጡ። የወደደው ቅርጽ አጠገብ ያስቀምጥ፤ ከፈለገ ሦስቱንም አንድ ላይ። እጅ በማውጣት አትምረጡ፤ እጅ የሚወጣው አሠሪን፣ ባልን ወይም የዕድሩን ዳኛ እያዩ ነው።

3. ብዙ ባቄላ ያገኘው ቅርጽ ተልቆ ይሣል፤ ያነሰው ያንሳል። ምንም ያላገኘውም ከሥዕሉ አይሰረዝም። በግድግዳው ላይ ሁሉም ሰው ቢያንስ አንድ ነገር ይኖረዋል። ይህን ደንብ ከምርጫው በፊት ተናገሩ።

4. የሠዓሊው ሥራ ከዚህ ይጀምራል፦ ቅርጾቹን ማገናኘት፣ ክፍተት መተው፣ ቀለም መወሰን። ስድስት ቀለምና ጥቁርና ነጭ ይበቃል። ሠዓሊው የራሱን ምስል ማምጣት የሚችለው እንደማንኛውም ሰው በሦስት ባቄላ ነው።

ተጠንቀቁ፦ በመጀመሪያው ስብሰባ የባህል ልብስ ለብሰው እጅ ለእጅ የተያያዙ ሰዎችን ሥዕል የሚያነሣ ሰው ይኖራል። በቅንነት ነው የሚያነሣው፤ ሆኖም ይህ ሥዕል ሰውን በልብሱ ብቻ ያሳያል፣ ልብሱ ያልተሣለለትንም ያስቀይማል። ወደ ዕቃዎቹ መልሱት። የቅዱሳን ምስል፣ የፓርቲ ምልክት፣ ካርታና በሕይወት ያለ ሰው ፊት አይግባ። ባንዲራን በተመለከተ ውይይት ውስጥ ከገባችሁ ሥራው እዚያው ይቆማል። ጽሑፍ ካለ ፊደሉን ሦስት ሰዎች ለየብቻ ያንብቡት።

ካልሆነ፦ አንድ ሰው ስብሰባውን ከያዘው አትቆጡት። ባቄላ የማደልና ሰዓት የመያዝ ሥራ ስጡት፤ ኃላፊነቱ ዝም ያሰኘዋል። በአንድ ምስል ላይ ጠብ ከተነሣ ድምፅ አታሰጡ። ምስሉን ያመጣው ሰው ታሪኩን በድጋሚ ይናገር፤ ቅር የተሰኘውም ምን እንደጎዳው ይናገር። አብዛኛውን ጊዜ የሚያጣላው የምስሉ ቦታ ወይም ከጎኑ ያለው ነገር ሆኖ ይገኛል፤ አንቀሳቅሱት። ካልተፈታ ለአንድ ሳምንት አሳድሩትና ሁለቱም የሚያከብሯቸው ሽማግሌ ባሉበት ተመለሱበት።

ደረጃ 4፦ ግድግዳውን ማዘጋጀት

ወቅቱ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ነው። በክረምት አትሞክሩት፤ የበልጉ ዝናብም ያበላሻል።

1. አዲስ ልስን ከሆነ 28 ቀን ይድረቅ። በችኮላ የተቀባ እርጥብ ሲሚንቶ ነጭ ጨው ያወጣል፣ ቀለሙንም ያቃጥላል።

2. እርጥበቱን ፈትኑ። 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፕላስቲክ አራቱን ጠርዝ በማጣበቂያ ዘግታችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉና አንድ ቀን አሳድሩ። ከሥሩ ጤዛ ካቆረ ግድግዳው እርጥብ ነው። ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሳታገኙ ቀለም አትግዙ፤ ከጀርባው የታቆረ ውሃ ወይም የሚያፈስ ቧንቧ አይጠፋም።

3. በመዳፋችሁ ጥረጉት። እጃችሁ ነጭ ከሆነ ኖራ አለ። በኖራ ላይ የተቀባ ቀለም በመጀመሪያው ክረምት እንደ ቅርፊት ይላቀቃል። በስፓቱላና በሽቦ ብሩሽ ፍቃችሁ እጠቡት፤ ሁለት ቀን ይድረቅ።

4. አሮጌ የዘይት ቀለም ካለ በደረቁ አትፈግፍጉ። በውስጡ ሊድ (መርዛማ የሆነው የእርሳስ ብረት) ሊኖር ይችላል፤ አቧራው የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። እያረጠባችሁ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ፣ ልጆች በሌሉበት ሥሩ። የምትገዙትም ቀለም ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) በላይ ሊድ እንደሌለው በማሸጊያው ላይ አረጋግጡ፤ በኢትዮጵያ ሕግ የተቀመጠው ጣሪያ ይህ ነው።

5. ስንጥቁን ሙሉ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፣ ፕራይመር (ቀለሙ እንዲይዝ ቀድሞ የሚቀባ መሠረት) ቀቡ፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም። አንድ ሊትር በለስላሳ ልስን ላይ 8 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ ስለዚህ ለ60 ካሬ ሜትር ሁለት ቅብ 15 ሊትር፣ ከነመጠባበቂያው 18 ሊትር ያዙ። ሻካራ ብሎኬት ከዚህ በላይ ይጠጣል።

6. ከመሬት እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ያለውን አንድ ጥቁር ወይም ቡናማ ቀለም ቀብታችሁ ተዉት። የዝናብ ጭቃ የሚረጨው እዚያ ነው፤ የማንም ሰው ሥዕል እዚያ አይቀመጥ።

ደረጃ 5፦ ንድፉን ወደ ግድግዳው ማሻገር

1. በወረቀቱ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር፣ በግድግዳው ላይ 50 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ካሬዎች አስምሩ። ስድስት ረድፍ በአርባ ዓምድ፣ 240 ካሬ ይወጣል። ቀጥታውን በቱምቢ፣ አግድሙን በውሃ ልክ ያዙ፤ ሲባጎ በጠመኔ ዱቄት ነክራችሁ ሁለት ሰው ወጥሮ፣ ሦስተኛው ስቦ ይልቀቀው።

2. ዓምዶቹን በቁጥር፣ ረድፎቹን በፊደል ሰይሙ፦ ሀ፣ ለ፣ መ፣ ረ፣ ቀ፣ በ። ሐ እና ኀን አትጠቀሙ፤ በጩኸት ሲጠራ ከሀ ጋር ይደባለቃል። ማንበብ ለማይችሉ ከፊደሉ አጠገብ ምስል ሣሉ፦ ጀበና፣ ኮከብ፣ ዶሮ። ማንም «ይቅርታ፣ አላነብም» ለማለት እንዳይገደድ ምስሉ ለሁሉም ረድፍ ይሁን።

3. መስመሩን የሚያወጡት ሰዎች ቀለም የሚቀቡት ናቸው። ሠዓሊው ሌሊት ብቻውን አውጥቶ ካደረ ጠዋት ለሰዉ የሚቀረው ቀለም መሙላት ነው።

ካልሆነ፦ አንድ ካሬ ተዛንፎ ከተሣለ ራቅ ብላችሁ 10 ሜትር ላይ ቆማችሁ እዩት። ከዚያ የማይታይ ከሆነ ስሕተት አይደለም።

ደረጃ 6፦ ቅቡ

በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ሌሊት ይበርዳል፣ ግድግዳውም ጠዋት ጤዛ ይይዛል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት አትጀምሩ፤ 10 ሰዓት ላይ አቁሙ።

1. ከፍታውን ለሰው ልክ ከፋፍሉ። ከ50 እስከ 120 ሴንቲ ሜትር ያለው በዊልቸር ወይም በወንበር ተቀምጠው ለሚቀቡና ለልጆች ነው፤ ሌላ ሰው አይውሰደው። ከዚያ እስከ 180 ቆሞ የሚቀባ። ከ180 በላይ በመሰላል የሚሠራው ለአዋቂ ብቻ፤ መሰላሉን አንድ ሰው ከታች ይያዝ። ቀና ብሎ መቀባት ለሚፈልግ ባለ ዊልቸር ብሩሹን በመጥረጊያ እንጨት ላይ እሰሩለት፤ ሮለርም በረጅም እጀታ ይሠራል።

2. እጁ ለሚንቀጠቀጥ ወይም ጣቱ ለማይጨብጥ ሰው የብሩሹን እጀታ በስፖንጅና በጨርቅ አወፍሩት።

3. ማየት ለተሳነው ሰው ጠርዙን በሲባጎ አንሡ። ሲባጎውን በነጭ የእንጨት ኮላ ለጥፋችሁ፣ ሲደርቅ ዝናብ እንዳያላቅቀው ሁለት ጊዜ በቀለም ሸፍኑት። በውስጡ ለሚቀባው ቀለም የተነፋ ደቃቅ አሸዋ ጨምሩ። በኋላ ሥዕሉን በመዳፉ ያነበዋል።

4. ቀለም በትናንሽ ጣሳ አድሉ፤ አንድ ጣሳ አንድ ቀለም። የጋራ ባልዲ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጭቃ ይሆናል።

5. ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት እያንዳንዱን ሰው ለብቻው ጠይቁ። ከአሠሪዋ ተደብቃ የምትኖር፣ ከዓረብ አገር መመለሷን ዘመድ ያላወቀባት ልትኖር ትችላለች። እምቢ ያለ ሰው እጁ ብቻ ይነሣ፤ ለእሱም ፈቃዱን ጠይቁ።

*ወደ ግድግዳው መምጣት ለማይችሉ*

አልጋ ላይ ያለ ሰው ድርሻ በቤቱ ይሠራል። በአሜሪካ ፊላደልፊያ የሚገኘው ሙራል አርትስ የተባለ ድርጅት ቀጭን ጨርቅ ላይ አሥሎ ግድግዳ ላይ የመለጠፍ ዘዴ ይጠቀማል፤ በእስር ላይ ያሉ ሰዎችም በዚህ መንገድ የከተማቸውን ግድግዳ ሥለዋል። ያ ጨርቅ ከሌላችሁ አቡጀዲ ለውጭ ግድግዳ አይሆንም፣ ይበሰብሳል። 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኮምፔንሳቶ ውሰዱ፤ ልኩ አንድ ካሬ ስለሆነ በቀጥታ ይገባል። ፊቱን፣ ጀርባውንና በተለይ ጠርዞቹን ፕራይመር ቀብታችሁ ለሰውየው ውሰዱለት። ሲያልቅ በፊሸርና በብሎን እሰሩት። መኖሪያ ቤት ውስጥ ቲነር አትክፈቱ፤ በውሃ የሚቀጥን ቀለም ብቻ።

ካልሆነ፦ ዝናብ ድንገት ከመጣ እርጥቡን ቀለም አትጥረጉ፤ የዕድሩን ሸራ ከላይ ወጥሩበት፣ ሲደርቅ የፈሰሰውን ብቻ አስተካክሉ። መንገደኛ ቆሞ ቢቃወም ሠዓሊው አይመልስለት፤ ምስሉን ያመጣው ጎረቤት ይመልስለት።

ደረጃ 7፦ የመጨረሻው ቀን

አንድ ነገር አይቼ አልረሳሁትም። ግድግዳው ሊመረቅ አንድ ቀን ሲቀረው ሠዓሊው ብቻውን ቆይቶ አሮጊቶቹ የቀቡትን ክፍል «አስተካከለው»። መስመሩ ቀጥ አለ፣ ጥላ ገባበት። በማግስቱ እናቶቹ ነጭ ለብሰው መጡ፤ የሠሩትን ፈልገው አጡት። ማንም አልተናገረም። ከዚያ በኋላ ግን አንዳቸውም ለሌላ ሥራ ተጠርተው አልመጡም።

1. ማስተካከል የሚፈቀደው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ የፈሰሰ ቀለም፣ ያልተሸፈነ ነጭና የተሳሳተ ፊደል። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጻፉና ሠዓሊው ይፈርምበት።

2. ማስተካከያው የሚደረገው ክፍሉን የሠራው ሰው ባለበት፣ ብሩሹም በእሱ እጅ ሆኖ ነው።

3. ስም የሚጻፍ ከሆነ የሁሉም እኩል ፊደል ይጻፍ፣ በፊደል ተራ። ስሙ እንዲጻፍ የማይፈልግ ምልክት ይተው። የባለሥልጣንና የስፖንሰር ስም ሥዕሉ ላይ አይግባ፤ በምረቃው ዕለት ማመስገን ይቻላል።

4. በምረቃው መጀመሪያ የሚናገሩት የሠሩት ናቸው፣ እያንዳንዱ በክፍሉ ፊት ቆሞ። እንግዶች ከእነሱ በኋላ።

ደረጃ 8፦ ከዚያ በኋላ

1. ሦስት ጠባቂ ምረጡ፤ ቢያንስ አንዱ ከመጀመሪያው ዝርዝር ይሁን። በመስከረም፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ግድግዳውን ዞረው ይመርምሩ። ቀድሞ የሚነሣው የሲባጎው ጫፍና የኮምፔንሳቶው ጠርዝ ነው።

2. ደማቅ ቀይና ቢጫ በከፍታችን ፀሐይ ቶሎ ይገረጣሉ፤ የሸክላ ቀይና የአፈር ቢጫ ይቆያሉ። የገረጣውን ለማደስ መጀመሪያ የሠራውን ሰው ጥሩ።

3. አንድ ሰው ቢቧጭረው ወይም ቢጽፍበት በሁለት ቀን ውስጥ ሸፍኑት፤ ከቆየ ሌላው ይጨምርበታል። ያደረገው ልጅ ከታወቀ ብሩሽ ስጡትና አብሮ ይጠግን።

4. የተረፈውን ቀለም ፀሐይ በማይገባበት ቦታ፣ ለምሳሌ በዕድሩ ዕቃ ቤት አስቀምጡ። በክዳኑ ላይ የቀለሙን ቁጥር፣ የተቀባበትን ካሬና የተከፈተበትን ቀን ጻፉ፤ ቁልፉ ከሦስቱ ጠባቂዎች በአንዳቸው እጅ ይሁን።